ከዕቅድ ሰነድ እስከ ልምምድ ክፍል

የኪነ ጥበብ ስልታዊ ዕቅዶችን አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ከጊዜ በኋላ የመግቢያ ገጾቹን እየዘለለ በቀጥታ ወደ በጀት ሠንጠረዡ መሄድ ይለምዳል። መግቢያው የትም አገር ያው ነው። ኪነ ጥበብ የዜጎች ሁሉ መብት መሆኑን ይናገራል፤ ባህል ለልማትና ለአብሮነት ያለውን ድርሻ ያወሳል፤ ወጣቱን፣ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንና የገጠሩን ነዋሪ በስም ይጠራል። «ገንዘቡ በዋና ከተማው ላሉ አምስት ትልልቅ ተቋማት ይሁን» ብሎ የጻፈ ዕቅድ አዘጋጅ አላጋጠመኝም። ሠንጠረዡ ግን ብዙ ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የዕቅዶቹን ራእይ ትቼ የገንዘቡን መንገድ እከተላለሁ። የሕዝብ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ተነሥቶ፣ ማታ ማታ በአንድ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ተውኔት የሚያጠኑ ልጆች ዘንድ እስኪደርስ በማን እጅ ያልፋል? የት ይቀራል? የተለያዩ አገሮች ልምድ ሲገላበጥ ክርክሩ የሚያጠነጥነው ማን ይወስናል፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ተቀባዩስ ምን ዓይነት ወረቀት ይጠየቃል በሚሉት ላይ ነው። በጉባኤው ሁሉ ብዙ የሚወራለት የመጀመሪያው ነው። ብዙ ቡድን የሚገድለው ግን የመጨረሻው ይመስለኛል። (የውጭ አገሮቹን ዓመታት በእነርሱ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛው እጽፋለሁ።)

የዊስኮንሲን ሙከራ

የማኅበረሰብ ኪነ ጥበብን በዕቅድ የመደገፍ ታሪክ ሲጻፍ ከሚነሡት ቀደምት ቦታዎች አንዱ ዊስኮንሲን ነው፤ በወተትና በአይብ የሚታወቀው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት። ሮበርት ጋርድ የሚባል የካንሳስ ተወላጅ፣ ጸሐፊና የቲያትር ሰው፣ በ1945 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ የግብርና ባለሙያዎችን በየመንደሩ እያሰማራ ገበሬውን የሚያማክርበት የኤክስቴንሽን ሥራ ዘርግቶ ነበር። ጋርድ ያሰበው በዚያው መንገድ ላይ ተውኔትና ጽሕፈትም እንዲሄዱ ነው። ለዘርና ለከብት እርባታ ባለሙያ የሚላክለት ገበሬ፣ ታሪኩን ጽፎ መድረክ ላይ እንዲያወጣ የሚያግዘው ሰው ለምን አይላክለትም? በ1948 የገጠር ጸሐፊዎችን ማኅበር በማቋቋም ረዳ፤ ከገበሬዎችና ከቤት እመቤቶች ጋር ለዓመታት ሠራ።

በ1966፣ ገና አንድ ዓመቱ ከነበረው ከፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ፈንድ፣ ከናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ፣ ገንዘብ አገኘ። ሥራው ስፕሪንግ ግሪንና ራይንላንደርን በመሳሰሉ አምስት ትንንሽ የዊስኮንሲን ማኅበረሰቦች ለሦስት ዓመት መሞከር ነበር። በ1969 ውጤቱ ለትንንሽ ማኅበረሰቦች የኪነ ጥበብ ዕቅድ ሆኖ ታተመ። ይህ ሰነድ ዛሬም ሲነበብ የሚገርመው ከአርቲስቱ አለመጀመሩ ነው። የሚጀምረው ከከተማው ነዋሪ ነው፦ በዚህ ከተማ ሰው ምን እየሠራ ነው? ማን ይዘፍናል? ማን ይጠልፋል? የትኛው አዳራሽ ማታ ባዶ ያድራል? የሚቋቋመው የኪነ ጥበብ ምክር ቤትም የአርቲስቶች ማኅበር ብቻ እንዲሆን አልታሰበም። ነጋዴው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ መምህሩ፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ አረጋውያኑም እንዲገቡበት ነው የተመከረው። ምክር ቤቱ በአርቲስቶች ብቻ ከተሞላ የከተማው አስተዳደር ሌላ የጥቅም ቡድን አድርጎ እንደሚያየው ጋርድ የገባው ይመስላል።

እዚህ ላይ ለእኛ የቀረበ ነገር አለ። በእነዚያው ዓሥርት ዓመታት የአሜሪካው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሞዴል በኦክላሆማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመሠረተበት። የልማት ሠራተኛው እስከ ቀበሌ መውረዱን የዚያ ሐሳብ የሩቅ ዘመድ ማለት ይቻላል። ለበቆሎና ለጤፍ እንደዚያ ያለ መንገድ ሲቀየስ ጋርድ ያሰበው ሌላው ግማሽ አብሮ አልመጣም። በአሜሪካም ቢሆን ከዊስኮንሲን ውጭ ብዙ አልተስፋፋም፤ ስለዚህ ይህን እንደ በደል ቆጥሬ አይደለም የማነሣው።

የአንድ ድምፅ ዕድሜ

አሜሪካ ውስጥ የከተማ የኪነ ጥበብ ምክር ቤቶች ከፌዴራሉ ፈንድ ይቀድማሉ። በሰሜን ካሮላይና የዊንስተን-ሳሌም ምክር ቤት የተቋቋመው በ1949 ነው። ኢንዶውመንቱ በ1965 ፕሬዝዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሲወለድ የመጀመሪያ ዓመት በጀቱ ሦስት ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ከጊዜ በኋላ ለእርዳታ ከሚያወጣው ገንዘብ 40 በመቶው በክፍለ ግዛትና በአካባቢ ተቋማት በኩል እንዲሄድ ሕግ ሆነ። ይህ አሠራር ሲመሰገን ይሰማል፣ ተገቢም ነው። ከዋሽንግተን ሆኖ የሞንታናን መንደር የሚያውቅ ባለሥልጣን የለምና።

የገንዘቡ ዕድሜ ግን በኮንግረስ ድምፅ የተንጠለጠለ ነው። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በ1935፣ ለሥራ አጥ ተዋንያን ሥራ ለመስጠት የተቋቋመው የፌዴራል ቲያትር ፕሮጀክት በአገሪቱ ብዙ ከተሞች መድረክ ከፍቶ በአራት ዓመቱ ኮንግረስ በጀቱን ከለከለው። ኢንዶውመንቱም ከ1989 ጀምሮ በጥቂት አወዛጋቢ የፎቶግራፍ ሥራዎች ሰበብ የፖለቲካ መጫወቻ ሆነ፤ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በጀቱ በ1996 ወደ 99 ሚሊዮን ወረደ፤ ለግለሰብ አርቲስቶች ይሰጥ የነበረው እርዳታም ከጥቂት መስኮች በቀር ቀረ። በግንቦት 2025 ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ኢንዶውመንቱ ጨርሶ እንዲዘጋ ሐሳብ ባቀረቡበት ዕለት፣ ለብዙ ቡድኖች የተፈቀደላቸው እርዳታ መሰረዙን የሚነግር ኢሜይል ደረሳቸው። ከእነርሱም ሥራውን የጀመሩ ነበሩ።

ከዚህ የተነሣ የበጀት ክርክር የማይነካው የገንዘብ ምንጭ የፈለጉ ከተሞችና ክፍለ ግዛቶች አሉ። ሁለቱን ባየሁ ቁጥር የዕቅድ ትምህርት ቤት የሚመስሉኝ ዴንቨርና ሜኒሶታ ናቸው።

ዴንቨር ላይ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሙዚየሞቹ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ። በ1988 የከተማዋና የዙሪያዋ ነዋሪ በድምፁ አንድ ልዩ የባህል ወረዳ እንዲቋቋም ወሰነ። ከእያንዳንዱ የ10 ዶላር ግዢ አንድ ሳንቲም ለባህል ተቋማት ይሆናል። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻም በ2016፣ በድምፁ አድሶታል። ገንዘቡ በሦስት እርከን ይከፈላል። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስዱት በላይኛው እርከን ያሉ አምስት ተቋማት ናቸው፤ መካነ አራዊቱ፣ የዕፀዋት ማዕከሉ፣ ሁለቱ ትልልቅ ሙዚየሞችና የትርኢት ማዕከሉ። ትንንሾቹ ማኅበራት ከታችኛው እርከን ያገኛሉ፤ የእነርሱን ድርሻ የሚያከፋፍሉት በየካውንቲው የተሰየሙ የባህል ምክር ቤቶች ናቸው።

አንድ ሰው ይህን አይቶ «ያው አምስቱ ትልልቆች ናቸው የበሉት» ቢል አይሳሳትም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ነገር ግን መካነ አራዊቱ ባይኖር የድምፅ ሰጪው ግማሽ ለትንሿ የዳንስ ቡድን ሲል ታክስ አይጨምርም ነበር። ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ድምፅ አስገኙ፣ ትንንሾቹም ለትልልቆቹ የፍትሐዊነት መልክ ሰጡ። በሌላው በኩል የሽያጭ ታክስ ከድሃው ገቢ በንጽጽር የበለጠ እንደሚነክስ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከድሃው ተሰብስቦ የሲምፎኒ ትኬት ዋጋ የሚያወርድ ታክስ ጥያቄ ያስነሣል።

የሜኒሶታው ከዚህ ይልቅ ይማርከኛል። በኅዳር 2008፣ የዓለም ባንኮች በሚንኮታኮቱበት ሰሞን፣ የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ በሽያጭ ታክሱ ላይ የአንድ በመቶ ሦስት ስምንተኛ ጭማሪ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ዕድሜው 25 ዓመት ነው፤ እስከ 2034። አብዛኛው ለውኃ፣ ለደንና ለዱር አራዊት ሲሆን 19.75 በመቶው ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ነው። አደን ወዳዱና ዓሣ አጥማጁ፣ ተዋናዩና ሙዚቀኛው በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ክፍለ ግዛቱ 11 የአካባቢ የኪነ ጥበብ ምክር ቤቶች አሉት፤ ትንንሽ እርዳታዎች የሚወሰኑት እዚያው ነው። ሜኒሶታ ከኢትዮጵያ፣ በተለይም ከኦሮሚያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች መኖሪያ መሆኗን አንባቢ ያውቃል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሐበሻ ምግብ ቤት ራት የበላ ሁሉ ከከፈለው ታክስ ጥቂቷ ወደዚህ ፈንድ ትሄዳለች። የፈንዱ ተካፋይ መሆን ግን ሌላ ነው። አመልካቹ ቡድን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሕግ የታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆን አለበት፣ ካልሆነም እንዲህ ያለ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ሒሳቡን እንዲይዝለት ማስማማት ይኖርበታል። በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም በማኅበር አዳራሽ ልጆችን ጭፈራና ከበሮ የሚያስተምሩ እናቶች ይህን መንገድ የሚያሳያቸው ካላገኙ አዋጪ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ለንደን ስታንስ

የእንግሊዙን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙ ነው። በ1940፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በጥቂት ወራት የተቋቋመው የጦርነቱ ጊዜ ምክር ቤት መጀመሪያ ላይ አማተሩንም ይደግፍ ነበር፤ በየመንደሩ መዘምራን የሚያሰባስቡ ሙዚቀኞችን ያሰማራ ነበር። የኢኮኖሚ ሊቁ ኬንስ ሊቀ መንበር ሲሆኑ ሚዛኑ ወደ ሙያተኛውና ወደ ላቀ ጥራት አዘነበለ፤ በ1946 የታላቋ ብሪታንያ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ሲወለድ ይህን ዝንባሌ ወርሶ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል እንጂ በምርጫው እጁን አያስገባም የሚለው መርሕ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተቀድቷል። መርሑ መልካም ነው፤ ችግሩ የሚመርጡት ሰዎች የሚኖሩት ለንደን መሆኑ ነበር። በ2013 ሦስት ተመራማሪዎች ገንዘቡ ምን ያህል በዋና ከተማዋ እንደሚከማች በቁጥር ሲያሳዩ ብዙዎች ተቆጡ፣ ጥቂቶች ግን አልተገረሙም። ምክር ቤቱ ከዚያ አስቀድሞ ተሳትፎ ዝቅተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች ራሳቸው የሚወስኑበትን ፕሮግራም መጀመሩ፣ የ2020–2030 ስልታዊ ዕቅዱም በየሰው ውስጥ ያለውን የፈጠራ ችሎታ መነሻ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብሔራዊው ዕቅድ ወደ መንደር ሲያይ የከተማ አስተዳደሮች ገንዘብ እያለቀባቸው ነው። በ2023 የበጀት ኪሳራዋን ያሳወቀችው በርሚንግሃም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ለትልልቅ የባህል ድርጅቶቿ ትሰጥ የነበረውን ድጎማ እንዳለ ለማስቀረት ወሰነች።

የጊልበርቶ ጂል ነጥቦች

ፈረንሳይ በ1959 የባህል ሚኒስቴር ስታቋቁም ደራሲው አንድሬ ማልሮ በየአውራጃው አንድ የባህል ቤት እንዲታነጽ አለሙ። የመጀመሪያው በ1961 በለ ሃቭር ተከፈተ፤ ከታሰበው ውስጥ የተሠሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕንፃ ውድ ነው፤ ከተሠራም በኋላ የሚያስተዳድረውን፣ መብራቱንና ጥበቃውን የሚከፍለውን ይፈልጋል። በ2004 ብራዚል የጀመረችው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጊልበርቶ ጂል በአገሩ ሙዚቃ ስሙ የገነነ፣ በወታደራዊው አገዛዝ ታስሮ የተሰደደም ሰው ነው። በ2003 የባህል ሚኒስትር ሆነ። ከእርሱ ጋር የሠራው ሴሊዮ ቱሪኖ የነደፈው ፕሮግራም «የባህል ነጥቦች» ይባላል። ሐሳቡ መንግሥት ምንም እንዳይገነባ ነው። በየሰፈሩ ቀድሞውኑ ያለውን ቡድን፣ የካፖኤራ ትምህርት ቤቱን፣ የሳምባ ማኅበሩን፣ የአገሬው ተወላጆችን የጭፈራ ቡድን፣ የሰፈር ቲያትሩን፣ ይፈልጋል፤ «ነጥብ» ብሎ እውቅና ይሰጣል፤ ለጥቂት ዓመታት የሚከፈል መጠነኛ ገንዘብ ይሰጣል፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ድምፅና ምስል መቅረጫና ኮምፒዩተር እንዲገዛበት ያደርጋል። ጂል ይህን የሰውነት ነጥቦችን እየተጫኑ ኃይል ከሚቀሰቅስ የእስያ ማሸት ጋር ያመሳስለው ነበር። በጥቂት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ተመዘገቡ፤ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ቀዱት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንኛውም ዕቅድ አውጪ በትልቁ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ገንዘቡ የሚሰጥበት የውል ዓይነት ለግንባታ ተቋራጭና ለትልቅ ድርጅት የተሠራ ነበር። የሳምባው ማኅበር ከፈለው የተባለውን እያንዳንዱን ሳንቲም በደረሰኝ፣ በሦስት ዋጋ ማወዳደሪያ፣ በባንክ ሰነድ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ከበሮ የሚሠራው ሽማግሌ ደረሰኝ የለውም። ለልጆቹ ምሳ የምትቀቅለው ሴት የዋጋ ማወዳደሪያ አታቀርብም። ሒሳባቸው ያልተወራረደ ቡድኖች ሥራቸውን በሚገባ ሠርተው ሳለ ባለዕዳ ሆነው ተመዘገቡ፤ ቀጣዩ ክፍያ ዘገየ፤ አንዳንዶቹ ከመታገዛቸው በፊት በነበራቸው አቅም እንኳ መቀጠል አቃታቸው። ከገንዘቡ በፊት የነበሩ፣ ከገንዘቡ በኋላ የጠፉ ማለት ነው።

ብራዚል ይህን አይታ በ2014 ፕሮግራሙን ሕግ ስታደርገው የውሉን መልክ ለወጠች። ማረጋገጫው ከደረሰኝ ክምር ይልቅ የታሰበው ሥራ መሠራቱ ላይ እንዲያተኩር የሚያስችል ቀለል ያለ የባህል ውል ተፈጠረ። በ2019 አዲሱ መንግሥት የባህል ሚኒስቴሩን ራሱን አፈረሰው፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። ወረርሽኙ ሲመጣ ኮንግረሱ በ2020 በሟቹ የዘፈን ደራሲ በአልዲር ብላንክ ስም ባወጣው ሕግ ሦስት ቢሊዮን ሪያል በክፍለ ግዛቶችና በማዘጋጃ ቤቶች በኩል አከፋፈለ። ሚኒስቴር የሌላቸው ቡድኖች ሕግ ነበራቸው። ሚኒስትሮች በሚቀያየሩበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ዋሸራ፣ ኪነትና ወረዳ

ወደ አገር ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የሚረሳውን ላስታውስ። በኢትዮጵያ ኪነ ጥበብን በማኅበረሰብ ደረጃ የሚያስተምር፣ ከከተማ የራቀ፣ ለምዕተ ዓመታት የቆየ ሥርዓት ነበር፤ አሁንም እያረጀ አለ። የቅኔው ዋሸራ፣ የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ዋና ከተማ ውስጥ አልነበሩም። የቆሎ ተማሪውን ያበላው በየደጁ የቆመለት ገበሬ ነው፤ መምህሩንና ደብተራውን ያኖረው የቤተ ክርስቲያን መሬት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ሲያወጣ ይህን መሠረትም አብሮ ወስዷል፤ ምትክ ያሰበለት የባህል ዕቅድ ግን አላየሁም። አዝማሪውም እንዲሁ በሰርግ ቤትና በጠጅ ቤት ሽልማት እንጂ በማንም በጀት አልኖረም።

ዘመናዊው የመንግሥት ድጋፍ በሌላ መንገድ መጣ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የተቋቋመው የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ነው። ታላላቆቹ የሙዚቃ ቡድኖች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት በጀት ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤቱም፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱም አዲስ አበባ ላይ ተተከሉ። ጥበቡ ትልቅ ነበር፤ ካርታው ግን ጠባብ።

ካርታውን ያሰፋው፣ መቀበል ቢከብድም፣ ደርግ ነው። የቀበሌ ኪነት፣ የገበሬ ማኅበር ኪነት፣ የፋብሪካ ኪነት እየተባለ፣ ከታች ወደ ላይ በውድድር እየተጣራ እስከ ክፍለ ሀገር የሚደርስ ሥርዓት ተዘረጋ። የወሎው ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊ ለአገር ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም አውሮፓና አሜሪካን የዞረው ትልቅ የባህል ቡድንም የዚህ ሥርዓት ፍሬ ያለበት ነበር። የዚያኑ ያህል ኪነቱ የአብዮቱን መፈክር እንዲያቀነቅን ይገደድ ነበር፤ ልጆች ሳይወዱ ይገቡበት ነበር፤ እናቶች በዚያው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ነገር ስላዩበት ዛሬም ስሙን ሲሰሙ የሚያማቸው አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። መንግሥት እስከ ቀበሌ ወርዶ ኪነ ጥበብን በሰፊው የደገፈበት አንድ ጊዜ ቢኖር መፈክሩን ለማሰማት በፈለገበት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድጋፍም ከመልእክት አልተላቀቀም። በ1990ዎቹ በየከተማው የነበሩትን የፀረ ኤድስ ክበባት አንባቢ ያስታውሳል። በርካታ የወጣት ቲያትር ቡድኖች ከእርዳታ ድርጅት ትንሽ ገንዘብ እየተቀበሉ ስለ ቫይረሱ ድራማ ይሠሩ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሕይወትም አትርፏል። ገንዘቡ ወደ ሌላ አጀንዳ ሲዞር ግን ክበቡም ተበተነ፤ የተደገፈው ቲያትሩ ስላልነበረ።

ሰነድ አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 በመንግሥት ላይ አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበባትን የመደገፍ ግዴታ ጥሏል፤ የመጀመሪያው የባህል ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ጸድቆ በ2008 ተሻሽሏል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ቅንነት አለበት፤ ብልሃትም አለበት። የባህሉ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከመረጃ ጋር፣ ከቱሪዝም ጋር፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ከስፖርት ጋር ተዳብሎ ኖሯል። ወደ ወረዳ ሲወርድ በአንድ ክፍል ያሉ ጥቂት ባለሙያዎች ይሆናል፤ ዓመታቸውም ለኅዳር 29ኙ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ቡድን በማዘጋጀት፣ ለእንግዳ አቀባበል ጨፋሪ በማሰለፍና የአፈጻጸም ሪፖርት በመጻፍ ያልቃል። በሪፖርቱ ላይ የሚቆጠረው የበዓሉና የታዳሚው ብዛት ነው። ባለፈው ዓመት የተቋቋሙት ቡድኖች ዘንድሮ አሉ ወይ የሚል ሣጥን ያለው ቅጽ ቢኖር የብዙ ወረዳ ሪፖርት ይለወጥ ነበር።

እንግዲህ ዕቅድ ቢወጣ ምን ይኑረው? ገንዘብ ከማለት በፊት አዳራሽ እላለሁ። ለአንድ የሠፈር ቡድን ትልቁ ወጪ ልብስ ወይም መሣሪያ አይደለም፤ የሚለማመድበት ቦታ ነው። የቀበሌና የወጣት ማዕከል አዳራሾች በሳምንት የተወሰኑ ምሽቶች በነፃ ለኪነ ጥበብ ቡድኖች እንዲያዙ በደንብ ቢጻፍ፣ ካዝናው ሳይነካ ብዙ ይሠራል። ይህ ከሰርግና ከስብሰባ የሚገኘውን ኪራይ ስለሚቀንስ የወረዳው ሰዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በደንብ ይጻፍ እንጂ የመመሪያ ቃል አይበቃም የምለው።

ገንዘቡን በተመለከተ ፊላደልፊያ በ1959 የጀመረችውን ማንሣት ይቻላል። በከተማዋ አስተዳደር ገንዘብ የሚሠሩ ግንባታዎች ከወጪያቸው አንድ በመቶ ለሥነ ጥበብ እንዲያውሉ ደነገገች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። አዲስ አበባ ከጫፍ ጫፍ በምትቆፈርበት በዚህ ዘመን ከመንግሥት ግንባታ ወጪ ከአንድ በመቶ እንኳ ያነሰ ሽራፊ ለወረዳ ቡድኖች ፈንድ ቢቀመጥ ከብዙ የባህል ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ማስኬጃ ይበልጣል። ሐውልትና የፏፏቴ ጌጥ እንዳይገዛበት ግን ከመነሻው መከልከል ያስፈልጋል፤ በሌሎቹ ከተሞች አብዛኛው እንደዚያ ነው የሄደው። «ጦርነትና የኑሮ ውድነት ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ይመጣል። የእንግሊዙ ምክር ቤት በጦርነት መሐል፣ የሜኒሶታው ድምፅ በባንክ ኪሳራ ሰሞን መምጣታቸውን ከማስታወስ ሌላ መልስ የለኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱ። አሥር ልጆች ያሉት የተውኔት ቡድን ትንሽ ድጎማ ለማግኘት ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የኦዲት ሪፖርትና የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ እንዲያቀርብ ከተጠየቀ የሚያመለክተው ቡድኑ ሳይሆን ቡድን ያለው የሚመስል ነጋዴ ይሆናል። እድር በአገራችን ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ የሚተማመነው በቃለ ጉባኤ፣ በሦስት ፈራሚዎችና አባላት በሚሰሙት የዓመት ሒሳብ ነው። ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ድጎማ ይህን የመሰለ ማስረጃ የሚቀበል የሒሳብ ደንብ ከወጣ ብራዚል ዓሥር ዓመት የፈጀባትን ትምህርት በነፃ እንወስዳለን። ኦዲተሩም ደረሰኝ ከሚቆጥር ቲያትሩ ሲታይ ሄዶ ቢቀመጥ ይሻላል።

የሚቀረው የዳኞቹ ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ዘመድ ነው፤ ገምጋሚው የአንዱ ቡድን መሪ አጎት መሆኑ አይቀርም። ሜኒሶታ የገምጋሚዎቹን ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት በማድረግ ትንሽ አቃልላዋለች፤ አመልካቹ ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚባለውን ይሰማል። ለእኛ ከአጎራባች ወረዳ የሚመጡ፣ በየዓመቱ የሚቀየሩ፣ በግልጽ የሚነጋገሩ ዳኞች የሚሻሉ ይመስለኛል። የመጓጓዣና የውሎ አበላቸው ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚከፈል ዕቅዱ ከወዲሁ ይጻፈው፤ ካልተጻፈ ለቡድኖቹ ከተመደበው ላይ ነው የሚቀነሰው።